እትዬ ጥላ ነው ስትል

እኔ ጽሑፍ ልጽፍ መነሳቴ ለራሴም እያሳፈረኝ ነው። ፊደል የለየሁት ካደግኩ በኋላ፣ የማታ ትምህርት ገብቼ ነው። እስካሁን የትኛው «ሀ» የት እንደሚገባ ይምታታብኛል። መምህራችን «በቅርብ ስለምታውቁት ሰው ጻፉ፤ ተሰብስቦ ለሰው ይነበባል» ሲለን ሌሎቹ ደስ አላቸው፤ እኔ አንገቴን ደፋሁ። ለሰው ይነበባል ባይል ይሻለኝ ነበር። እንግዲህ ያበላሸሁት ካለ፣ ሳላውቅ ያስረዘምኩትም ካለ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። በቅርብ የማውቀው ሰው አንድ ነው። እሷም እትዬ ናት።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ስታርፍ እኔ ገና ዳዴ የምል ነበርኩ አሉ፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ስታገባም «ይቺን ጥዬ የትም አልሄድም» ብላ ይዛኝ መጣች። ባሏ እስከ ዛሬ ይቀልድበታል። «አንዲት ጠይቄ ሁለት ተመዘነልኝ» ይላል።

ባሏን እኔ ጋሼ ነው የምለው። ወፍጮ ቤት አለው። ሰፈሩ ግን «ዱቄት» ነው የሚለው፤ እስከ ቅንድቡ ነጭ ስለሆነ። ቤታችን መንገድ ዳር ነው። ከፊት የቆርቆሮ ወፍጮ ቤቱ ይቆማል። ደጁ ላይ በረንዳ ቢጤ አለች፤ እትዬ የስፌት መኪናዋን የምትዘረጋው እዚያ ነው። እህል ሊያስፈጭ የመጣ ሰው ወረፋው እስኪደርስ የተቀደደ ልብሱን ያሰፋል። ከኋላ ግቢው፣ የምንተኛባቸው ክፍሎችና ግድግዳ የተደገፈ ረጅም አግዳሚ ወንበር አሉ።

ሞተሩ የናፍጣ ነው። ሲነሳ ቆርቆሮው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። የጋሼን ጆሮ የበላውም እሱ ነው። ጋሼ አሁን የሰው አፍ እያየ ነው የሚሰማው፤ ፊቱን ያዞረበት ሰው ምንም ቢል አይገባውም። እትዬ ስትነግረው መጮህ ስለለመደባት «እኔና ባሌ ሚስጥር የለንም፤ ለሱ ያልኩትን ገበያ ሙሉ ይሰማዋል» ትላለች። ጋሼ ደግሞ የማይፈልገው ወሬ ሲመጣ ከነጭራሹ ይደነቁራል። እትዬ ይሄንን ተንኮሉን አሳምራ ታውቀዋለች።

ሰማይ ማየት የጀመሩት በሞተሩ ሰበብ ይመስለኛል። ጀንበር ስትጠልቅ ጋሼ ያጠፋዋል። ያኔ የሚመጣውን ዝምታ እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። ሰው ሁሉ ድንገት ሸክም የወረደለት ይመስላል። ጋሼ ልብሱን ያራግፋል፣ እትዬ ወገቧን ይዛ ከመኪናዋ ትነሳለች፣ ከዚያ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። መብራት በኛ በኩል አልገባም። ስለዚህ ጨለማው የምር ጨለማ ነው፤ ኮከቡም እንደ ተዘረገፈ እህል ነው።

አንድ ጊዜ መንገድ ሊለካ የመጣ ቀያሽ አንዷን ክፍል ተከራይቶ ነበር። ጨዋ ልጅ ነው። አብሮን ተቀምጦ ሳለ እትዬ ድንገት ብድግ አለች።

«ያ ኮከብ ይሄዳል!»

«አውሮፕላን ነው» አልኳት እኔ።

«አውሮፕላንማ ብልጭ ድርግም ይላል። ይሄ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው፤ የሚቸኩልበት ያለ ሰው ይመስላል።»

ቀያሹ ሳቀና ሳተላይት ነው አለን። ሰው የሠራው ነው፤ የራሱ ብርሃን የለውም። ለኛ ፀሐይ ብትጠልቅም እሱ በጣም ከፍ ስላለ ገና ታገኘዋለች፤ የሚያበራው በሷ ብርሃን ነው። እየሄደ ሄዶ ምድር ከኋላዋ የምትጥለው ጥላ ውስጥ ሲገባ እንደ ተነፋ ኩራዝ ይጠፋል። መንገዱን ግን አያቋርጥም፤ እኛ ነን የማናየው። ይሄ ጥላ ደግሞ እንደ ወቅቱ ቶሎ የሚደርስበት አለ፣ ዘግይቶ የሚደርስበት አለ። እንዲህ ብሎ አስረዳን። ጋሼ እያንዳንዷን ቃል ከልጁ ከንፈር ላይ ለቀማት። የጥላውን ነገር ከሁሉ አብልጦ ወደደው። ከዚያ ወዲያ እህል ይዞ ለመጣ ሁሉ፣ ጠየቀውም አልጠየቀውም፣ ስለ ምድር ጥላ ሳይነግር አይሸኝም።

ቀያሹ ሥራውን ጨርሶ ሄደ። ነገሩ እኛ ቤት ቀረ። ሳተላይት ስታልፍ ቀድሞ ያላየ የእራቱን ዕቃ ያጥባል ተባባሉ። እትዬ ዕቃ አጥባ አታውቅም ማለት ይቻላል። ጋሼ አፉን ከፍቶ ወደ ላይ ሲያፈጥ እሷ ጨርቅ እያጣጠፈች፣ ወሬ እያወራች፣ «ይኸው ያንተ ራስ ላይ ናት!» ትለዋለች።

«በምን ዓይንሽ ነው የምታይው አንቺ?»

«በዳሩ። አታፍጥባት፤ ካፈጠጥክባት ትደበቃለች። ወደ ጎኗ እይ፣ ራሷ ትመጣልሃለች።»

ከሳተላይቶቹ ሁሉ የምትደምቀው፣ ቀያሹ እንዳለን፣ ሰዎች የሚኖሩባት ናት። «ትልቋ» ነው የምንላት። እሷ ስታልፍ እትዬ እጇን ታውለበልባለች። «እራታቸውን በልተው ይሆን?» ትላለች። ወይም «ቁልፍ ሲበጠስባቸው ማን ይተክልላቸዋል?»

«አንቺ ሂጂላቸዋ!» ይላል ጋሼ።

«እሺ ብዬ ብሄድ አንተን ማን ይጮህብሃል?»

አንድ ምሽት ብዙ ሳተላይቶች፣ አንዱ የአንዱን ዱካ ተከትሎ፣ ቀጥ ባለ መስመር አለፉ። ጎረቤቱ ሁሉ ደንግጦ ወጣ። እትዬ ግን «አይዟችሁ፤ ሰማዩ ተተርትሮ እየሰፉት ነው» አለች። ያን ቀን የሳቅነው ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

እንዲህ ሆነን ስንኖር እትዬ መሸነፍ ጀመረች።

መጀመሪያ ለባሏ አዝና የለቀቀችለት መስሎን ነበር። ጋሼ ፈነጠዘ። «ዛሬም ዕቃው ያንቺ ነው!» እያለ ግቢውን ይዞራል። በኋላ ግን ያየቻትም ትጠፋባት ጀመር። ለትንሽ ጊዜ ትከተላታለች፣ ከዚያ «ውይ፣ ጠፋችብኝ» ትላለች።

«ጥላ ገብታ ነዋ» ይላታል ጋሼ።

«እንዲህ ቶሎ?»

«ወቅቱ ነው። ቀያሹ ምን አለ? ጥላው ቶሎ የሚደርስበት ጊዜ አለ አላለም?»

«ብሏል» ትላለች እትዬ። እውነትም ብሏል። ጋሼ ራሱ የእትዬን አፍ ሊያነብ ዓይኑን ከሰማይ ስለሚያነሳ፣ ሲመልስ ኮከቧን ስለማያገኛት የእውነት የጠፋች ይመስለዋል። እትዬ ነገሩን ተቀበለችው። እየቆየች ጋሼ ሳይላት በፊት እሷ ራሷ ቀድማ «ጥላ ገባች» ማለት ለመደች። «ዘንድሮ ጥላው ሰፋ» ትላለች፤ ልክ ዘንድሮ ዝናቡ በዛ እንደሚባለው።

ማን ይጠርጥር? ጀንበር ጠልቃ እኔ ክሩን እንኳ ማየት ሲያቅተኝ እሷ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ በአንዴ ትሰደዋለች። የኮሌታ ስፌቷ እንደ ማተሚያ ቤት ጽሑፍ ነው። እንዲህ ያለች ሴት ዓይኗን ያማታል ብሎ የሚያስብ የለም። ትከሻዋ ግን ሁልጊዜ ይበልዝ ነበር፤ ከበሩ መቃን ጋር እየተጋጨ። ዶሮ ትረግጣለች። ጎኗ ያስቀመጥኩላትን ውሃ ትደፋዋለች፤ ከዚያ «ምን እዚህ ወሸቅሽው!» ብላ ትቆጣኛለች።

ሰው ግን ሌላ ነገር ነበር የሚለው። ኮራች አሉ። በረንዳው አጠገብ ሽንኩርት የምትሸጥ ወፈር ያለች ሴት አለች፤ የእትዬ የልብ ወዳጅ ነበረች። አንድ ጠዋት መጥታ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰላም ስልሽ እንደ ግንድ ዝም ትይኛለሽ?»

«መቼ?» አለች እትዬ።

«አሁን! እዚህ አጠገብሽ ቆሜ! ሰላምታም በሜትር እየለካሽ መስጠት ጀመርሽ?»

«ኧረ በሞቴ አላየሁሽም።»

«ይሄን የሚያህል ገላ ያላየሽ የመርፌ ቀዳዳ በምን አየሽው?»

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። እትዬም ሳቀች፤ ሽንኩርት ሻጯ ግን አልሳቀችም። ከዚያ ወዲያ ልብሷን ታች ሰፈር ላለው ሰፊ መስጠት ጀመረች። እትዬ ማታ ማታ «እኔ ምን አደረግኳት?» ትለኛለች።

አንድ ምሽት ትልቋ ወጣች። ከጀንበር መግቢያ በኩል ተነስታ በወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ላይ መጣች፤ እንደዚያ ቀን ደምቃ አይቻት አላውቅም። ሦስታችንም አግዳሚው ላይ ነበርን። ጋሼ ጣቱን ቀስሮ ይከተላታል። እትዬም አየቻት፤ እጇን አውለበለበችላት። ከዚያ አንድ ነገር ልትነግረኝ ወደኔ ጎንበስ አለች። መልሳ ቀና ስትል ኮከቧ ከነበረችበት ወደ ጎን ራቅ ብላ ነበር። እትዬ ባዶውን ሰማይ አየችና «ጥላ ገባች» አለች።

ኮከቧ ግን አለች። እኔ አያታለሁ። እንደ ፋኖስ ነው የምታበራው።

ጋሼ ያን ጊዜ እንዳጋጣሚ ወደ እትዬ ዞሮ ስለነበር የተናገረችውን ከአፏ ላይ አነበበው። ጣቱ እንደተቀሰረ ቀረ። ጣቱን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ መልሶ የሷን ፊት አየ።

«አለች እኮ» አለ።

«የት?»

«ይቺውና!»

እትዬ አንገቷን እየጠማዘዘች ፈለገች፣ ፈለገችና አገኘቻት። «እንዴ! ተመልሳ በራች?»

«አልጠፋችም» አለ ጋሼ።

ትልቋ ሄዳ ሄዳ፣ ራቅ ብላ፣ ቀላ እያለች እውነተኛው ጥላዋ ውስጥ ገባች። ጋሼ ተነስቶ ገባና የእጅ ባትሪ ይዞ ወጣ። እትዬን ቀጥ ብላ ፊት ለፊት እንድታይ አደረጋት። እሱ ከጆሮዋ በኩል ባትሪውን አብርቶ ቀስ እያለ ወደፊት ማምጣት ጀመረ።

«ሲታይሽ አሁን በይ።»

ብርሃኑ ጉንጯ ላይ ደረሰ። ዝም አለች። ቅንድቧ ጋ ደረሰ። ዝም አለች። አፍንጫዋ ፊት ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው «አሁን» አለች፤ ያውም በደስታ፣ ጎበዝ የተባለች መስሏት። ጋሼ በሌላው ጎኗ ዞሮ ደገመው። እዚያም ያው ነው። ባትሪውን አጠፋው።

ወፍጮውን ዘግተን ከተማ ሄድን። የዓይን ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ረጅም ነው፤ ግድግዳው እስከ ወገብ ሰማያዊ ተቀብቷል፤ ሰው ወንበር ሞልቶ ወለል ላይ ተቀምጧል። ዶክተሯ ዘንድ አንድ አስታማሚ ብቻ ነው የሚገባው ስላሉ እኔ ገባሁ፤ ጋሼ የሚባለውን አይሰማምና። እትዬ አገጯን ማሽኑ ላይ አስደግፋ ብዙ ቆየች።

ዶክተሯ ረጋ ብላ ነው የነገረችን። በዓይኗ ውስጥ ያለው ግፊት ጨምሮ ነርቩን ገድሎታል። ከዳር ጀምሮ ነው የሚበላው፤ መሃሉ የሚቀረው መጨረሻ ላይ ነው፤ መርፌውን የምታየው ለዚህ ነው። የሞተው አይመለስም። የቀረው እንዲቆይ ጠብታ አለ፤ የቀረው ግን ጥቂት ነው፣ እሱም ሊሄድ ይችላል።

«ሕመም ስለሌለው ሰው ቶሎ አያውቀውም» አለች። «ግን የሆነ ነገር መጥፋት ሲጀምርብዎት ምን መሰለዎት?»

«ጥላ» አለች እትዬ።

«የምን ጥላ?»

«የምድር።»

ዶክተሯ ወደኔ አየች።

ስንወጣ ጋሼ በሩ ላይ ቆሟል። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞታል።

«ምን አለች?»

«ቤት ስንደርስ እነግርሃለሁ» አለች እትዬ።

«እ?»

«ቤት!»

«የምን ቤት? ምን አለች ነው የምልሽ!» ጎንበስ ብሎ አፏን አፏን አያት።

እትዬ ማን እንዳለ ለማየት አንገቷን ወዲያ አዞረች፣ ወዲህ አዞረች። ኮሪደሩ ጢም ብሏል። ቀስ ብላ ብትነግረው አይሰማም። ከንፈሯ ደግሞ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር ጋሼ ሊያነበው አልቻለም። ከዚያ ጮኸች።

«አይመለስም አለች!»

«ምኑ?»

«ዓይኔ! የሄደው አይመለስም! የቀረውም ይሄዳል አለች!»

ወረፋ የያዘው ሁሉ ዞረ። የበሽተኛ ጋሪ ትገፋ የነበረች ሴት ቆመች። ጋሼ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«እሺ» አለ። ድምፁ አይሰማም ነበር፤ እኔ አፉን አይቼ ነው ያወቅኩት።

አውቶቡስ ተሳፈርን። ጋሼ የጠብታውን ፌስታል ጭኑ ላይ አድርጎ፣ እንቁላል የያዘ ይመስል እንዳይነካበት በእጁ ከልሎት መጣ።

ቤት ስንደርስ መሽቶ ነበር። ወፍጮው ሳይሠራ ስለዋለ ግቢው እንግዳ ሆነብኝ። እትዬ ቀጥ ብላ ገብታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጋሼ አግዳሚው ላይ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ በሩ ጋ መጣ።

«መርፌዬ» አላት፤ ሲያባብላት ነው እንዲህ የሚላት። «ትልቋ ወጣች።»

«እያት።»

«ነይ እንጂ። እኔ አሳይሻለሁ፤ ጣቴን ትከተያለሽ።»

የኩራዙ ብርሃን ፊቷ ላይ ነበር። «ጣትህን?» አለች። «ስንት ጊዜ ተከተልኩት ጣትህን? ጠፋችብኝ ባልኩህ ቁጥር ጥላ ነው! ጥላ ነው! ለመጣ ለሄደ ሰማይ ታስተምራለህ። አንድ ቀን እስቲ ዓይንሽን ልየው ብትለኝ ምን ትሆን ነበር?»

ጋሼ በሩን ተደግፎ ቆመ።

«አልሰማሁሽም» አለ።

«ሰምተሃል።»

ተመልሶ ወጥቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ትልቋ በራሱ ላይ ስታልፍ አየኋት። እሱ ቀና አላለም፤ መሬት መሬቱን ያያል። እኔ መሃላቸው በሩ ላይ ቆሜ ወደ ማን እንደምሄድ ጠፋኝ። ኋላ ገብቼ ዕቃ ማጠብ ጀመርኩ። ጋሼ ሲገባ ትከሻው ወርዶ ነበር።

«ሞተር ሲታመም ድምፁን ባልሰማም እጄን አስደግፌ አውቀዋለሁ» አላት። «አንቺን አላወቅኩሽም።»

እትዬ አልጋው ላይ ጠጋ አለችለት። ተቀመጠ። የተነጋገሩት ካለ እኔ አልሰማሁም፤ ያን ቀን አልጮኸችም።

በማግስቱ ጠዋት ስነሳ እትዬ ቀድማን በረንዳው ላይ መኪናዋን ዘርግታለች። ጠብታውን እኔ አደረግኩላት። ማቃጠሉ እስኪያልፍላት ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ከዚያ ከቁርጥራጭ ከረጢቷ አንድ ጨርቅ አወጣች፣ መርፌው ስር አስገባችው፣ መልሳ ዓይኗን ጨፈነችና መርገጥ ጀመረች። የጨርቁን ጠርዝ በጣቷ እየዳሰሰች ትነዳዋለች። ጫፍ ስትደርስ ገልጣ አየችው። ስፌቱ ተጣሟል። ተረተረችው። ዓይኗን ጨፍና እንደገና ጀመረች።

እህል የያዙ ሴቶች መጥተው ቆሙ። «ምነው፣ ተኝታ ነው እንዴ የምትሰፋው?» አለች አንዷ። የሳቀላት የለም። ጋሼ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ሲያያት ቆየ፤ ከዚያ ገብቶ ሞተሩን አስነሳው። ቆርቆሮው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እትዬ አልገለጠችም፤ ትረግጣለች፣ ትነዳዋለች።

ጠጋ ብዬ ሳየው ጨርቁ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው።

«እትዬ፣ ክሩ አልቋል!» አልኳት በሞተሩ ላይ ጮኼ።

እግሯን አቆመች። ዓይኗን ሳትገልጥ እጇን ወደኔ ዘረጋች። ክሩን ሰጠኋት።